የመስታወት ክር በአፈር ውስጥ፦ ፋይበር ኦፕቲክ የመሬትን መለጠጥ እንዴት ይለካል?

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአፋር ክልል በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ መሬት ከመናወጧ በፊት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአይስላንድ አንድ ሳይንሳዊ ዜና መጣ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ነዋሪዎቿ በአንድ ሌሊት እንዲወጡ በተደረጉባት በግሪንዳቪክ ከተማ አካባቢ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የቴሌኮም ፋይበር ኬብል ከመሬት በታች የሚንቀሳቀሰውን ቅልጥ ዐለት በደቂቃዎች ልዩነት ለመከታተል አስችሏል የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ዜና ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ «የኢንተርኔት ገመድ እሳተ ገሞራን ቀድሞ ያውቃል» ወደሚል መደምደሚያ ቢያዘነብል አያስገርምም። ነገሩ ግን ከዚህ ይልቅ ጠበብ ያለ ነው፤ ጠበብ በማለቱም ይበልጥ ይጠቅማል። ፋይበር ኦፕቲክ ነገን አይናገርም። የሚናገረው ራሱ አሁን ምን ያህል እንደተለጠጠ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ስለ አፈሩ፣ ስለ ግድቡ ወይም ስለ ሕንፃው መሠረት ለመናገር በመካከል ያለውን ድልድይ መሥራት ያስፈልጋል፤ ይህ ድልድይ የሚሠራውም በቤተ ሙከራና በመስክ ሙከራ ነው።

ስትሬን ምንድን ነው?

መሐንዲሶች «ስትሬን» የሚሉት አንድ ነገር ሲሳብ ወይም ሲጨመቅ ርዝመቱ ከመነሻ ርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር በምን ያህል እጅ እንደተለወጠ የሚገልጸውን መጠን ነው። አንድ ሜትር የነበረ ዘንግ አንድ ሚሊ ሜትር ቢረዝም ስትሬኑ ከሺህ አንድ እጅ ነው። በሥራ ላይ የሚያጋጥሙት መጠኖች ከዚህ እጅግ ስለሚያንሱ መለኪያው ማይክሮስትሬን፣ ማለትም ከሚሊዮን አንድ እጅ ሆኗል። አንድ ማይክሮስትሬን ማለት አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገመድ በአንድ ሚሊ ሜትር ሲረዝም የሚደርስበት ለውጥ ነው።

የእነዚህን ቁጥሮች ክብደት ለመረዳት ቁሳቁሶቹን ማየት ይበጃል። ኮንክሪት ሲሳብ ከ100 እስከ 150 ማይክሮስትሬን አካባቢ ሲደርስ መሰንጠቅ ይጀምራል። በኮንክሪት ውስጥ የሚቀመጠው ፌሮ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ የመመለስ አቅሙን የሚያጣው 2,000 ማይክሮስትሬን ገደማ ላይ ነው። አፈር ግን በሌላ ሚዛን ይኖራል፤ ሸክላ አፈር ከመንሸራተቱ በፊት በመቶ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊለጠጥ ይችላል። በመቶ አንድ ማለት 10,000 ማይክሮስትሬን ነው። ስለዚህ ለኮንክሪት ትልቅ የሚባል ንባብ ለአፈር ገና ጅምር ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ቁጥር አስጊ እንደሆነም ዳሳሹ የተጣበቀበትን ነገር ሳያውቁ መወሰን አይቻልም።

ብርሃኑ በክሩ ውስጥ ምን ይሆናል?

የፋይበር ክር ንጹሕ መስታወት ነው። የመስታወቱ ጠቅላላ ውፍረት 125 ማይክሮሜትር ሲሆን ብርሃኑ የሚጓዝበት መሐሉ ደግሞ ከ10 ማይክሮሜትር አይበልጥም። ይህ ክር ሲለጠጥ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን በትንሹ ይለወጣል። ያን ለውጥ የማንበቢያ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ልዩነታቸው ካልተለየ አንዱ የሚችለውን ለሌላው መስጠት ይመጣል።

የመጀመሪያው የብራግ ግሬቲንግ ይባላል። በክሩ መሐል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ጥቃቅን መስመሮች በእኩል ርቀት ይቀረጻሉ፤ መስመሮቹም ከሚመጣው ብርሃን አንድ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ብቻ ይመልሳሉ። ክሩ ሲለጠጥ የመስመሮቹ ርቀት ይሰፋል፤ የሚመለሰው ሞገድም ይረዝማል። በቴሌኮም በተለመደው 1,550 ናኖሜትር አካባቢ አንድ ማይክሮስትሬን ሞገዱን በ1.2 ፒኮሜትር ገደማ ይለውጠዋል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ እንዲህ ያለ ቋሚ ቅርጽ ሊተው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ውስጥ ያሳዩት ኬኔት ሂልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዘዴው ፈጣንና ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው ግሬቲንጉ በተቀረጸባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የብሪሉዊን ዘዴ ነው። እዚህ በክሩ ላይ ምንም አይቀረጽም። የብርሃን ምት ይላካል፤ ከእያንዳንዱ የክሩ ክፍል ጥቂት ብርሃን ተበትኖ ይመለሳል። የተመለሰው ብርሃን ድግግሞሽ ከተላከው በ11 ጊጋኸርዝ ገደማ የሚለይ ሲሆን ይህ ልዩነት ክሩ በተለጠጠ መጠን ይቀየራል። ብርሃኑ ለመመለስ የወሰደው ጊዜ ደግሞ ንባቡ ከየትኛው ሜትር እንደመጣ ይነግራል። በዚህ መንገድ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ክር ከዳር እስከ ዳር ዳሳሽ ይሆናል። የጃፓኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤንቲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ዘዴውን ሲያቀርቡ ዓላማቸው የኬብሎችን ጤንነት መከታተል ነበር፤ የአፈርና የመሠረት ባለሙያዎች ዘግየት ብለው ተቀበሉት።

ሦስተኛው በሬይሌ ብተና ላይ የተመሠረተ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያሉ ተፈጥሯዊ ጥቃቅን አለመመሳሰሎች ለእያንዳንዱ ክር እንደ ጣት አሻራ የራሱን ምልክት ይሰጡታል። አሻራው ምን ያህል እንደተንሸራተተ በማነጻጸር ስትሬን በሚሊ ሜትር ደረጃ ይነበባል፤ የሚሸፈነው ርቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ሜትሮች የተወሰነ ነው። ለቤተ ሙከራ ሣጥንና ለአነስተኛ ሞዴል የሚመረጠው ይህ ነው። በአይስላንድ የተሠራበት ዘዴም ከዚሁ ብተና ይነሣል፤ ልዩነቱ ፈጣን ንዝረትንና የለውጥ ፍጥነትን በረጅም ርቀት ለማንበብ የተዘጋጀ መሆኑ ነው።

አንድ ሜትር የሚደብቀው

በብሪሉዊን ዘዴ የተለመደው የ10 ናኖሰከንድ ምት በክሩ ላይ የአንድ ሜትር መለየት ይሰጣል። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ነጥብ የሚነበበው ቁጥር በዙሪያው ያለው የአንድ ሜትር አማካይ ነው። አንድ ኮንክሪት አንድ ቦታ ላይ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢሰነጠቅና የቀረው ባይነካ፣ የአንድ ሜትሩ ንባብ 100 ማይክሮስትሬን ይላል። ያው ስንጥቅ በአንድ ሴንቲ ሜትር አማካይ ቢነበብ ደግሞ 10,000 ይሆናል። ሁለቱም መሣሪያዎች አልተሳሳቱም። ስለዚህ አንድ ዘገባ ይህን ያህል ማይክሮስትሬን ተመዘገበ ሲል በምን ርዝመት ላይ የሚለው አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩ ጎደሎ ነው። በሕዝብ ንግግር ብቻ ሳይሆን በአማካሪ ድርጅቶች ሪፖርቶችም ውስጥ ይህ ዝርዝር ሲቀር ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ውሳኔ የሚሰጠው አካል የተሰነጠቀውን ግድግዳ ደህና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላልና።

ክሩ አፈሩን ይዞታል ወይ?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ዳሳሹ በፌሮ ላይ ታስሮ ኮንክሪት ሲፈስበት ኮንክሪቱ አጥብቆ ይይዘዋል፤ የክሩ ስትሬን የኮንክሪቱ ስትሬን ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። አፈር ግን እንዲህ አይደለም። አፈር ክሩን የሚይዘው በሰበቃ ሲሆን ሰበቃው ደግሞ በላዩ ባለው ክብደት፣ በእርጥበቱና በጥቅጥቅነቱ ይወሰናል። አፈሩ ከክሩ በላይ ሲለጠጥ የሆነ ወሰን ላይ መያዣው ይለቅቃል፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ መንቀሳቀሱን ቢቀጥልም ንባቡ ባለበት ይቆማል። ግራፉን የሚያነብ ሰው መሬቱ የተረጋጋ ሊመስለው ይችላል፤ የሆነው ግን መያዣው መላቀቁ ነው።

ይህን ወሰን ለማወቅ የሚደረገው ሙከራ በአስተሳሰቡ ቀላል ነው። ክሩ በአፈር በተሞላ ሣጥን ውስጥ ይቀበራል፤ ከላይ ግፊት ይደረግበታል፤ አንዱ ጫፉም ቀስ እየተባለ ይጎተታል። በሬይሌ ዘዴ የክሩ ስትሬን በየሚሊ ሜትሩ ሲነበብ መላቀቁ ከሚጎተተው ጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ እንደ ማዕበል ሲገሰግስ ይታያል። በቻይና የናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ባሉ ሙከራዎች ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። ከሙከራዎቹ የሚወጣው ዋና ትምህርት ጥልቀት ወሳኝ መሆኑ ነው፤ በጥልቀት የተቀበረ ክር በላዩ ያለው አፈር ስለሚጫነው አጥብቆ ይያዛል፣ ከገጽ ብዙም ሳይርቅ የተቀበረው ግን በጥቂቱ ተጎትቶ ይንሸራተታል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው በክሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት ትንንሽ ዲስኮችን መልሕቅ አድርጎ መግጠም ነው። መልሕቁ መያዣውን ያጠነክራል፤ በምትኩ የሚለካው በሁለት መልሕቆች መካከል ያለው አማካይ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው ችግርም ቀላል አይደለም። መስታወት ከለስላሳ ሸክላ አፈር ከሺህ ጊዜ በላይ የጠጠረ ነው። ክሩ ብቻውን ቀጭን ስለሆነ አፈሩን ብዙ አይረብሽም፤ ነገር ግን የግንባታ ቦታን ዱላ እንዲችል በብረት ሽቦና በወፍራም ፕላስቲክ ሲታጠቅ ለአፈሩ ራሱ ማጠናከሪያ መሆን ይጀምራል፤ ሊለካ የገባው ነገር የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል ማለት ነው። ቀጭኑ ኬብል እውነቱን ይናገራል ግን ይበጠሳል፤ ወፍራሙ ይቆያል ግን ንባቡን ያለዝባል። ፍጹም የተጣበቀ ክርም የራሱ አደጋ አለው። አንድ የመሬት ናዳ በቀጭን የመንሸራተቻ ገጽ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስና ይህ ሁሉ መለጠጥ በአሥር ሴንቲ ሜትር ክር ላይ ቢያርፍ፣ ስትሬኑ በመቶ አሥር ይሆናል፤ ያን ደግሞ መስታወቱ አይችለውም። ጥቂት መንሸራተት ለክሩ ሕይወት ነው። በሙከራ የሚፈለገው ይህ መንሸራተት ከየት ወዴት እንደሆነ አውቆ በስሌት መመለስ ነው።

የኢንተርኔት ኬብልን በተመለከተ ያለው ግራ መጋባትም እዚህ ላይ ይጠራል። የቴሌኮም ኬብል ሲሠራ ክሩ ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ፣ በቅባት መሰል ጄል መሐል፣ ከቱቦው ጥቂት ረዘም ብሎ እንዲተኛ ይደረጋል። ዓላማው ኬብሉ ቢጎተት ክሩ እንዳይሰማው ነው። የአፈር መሐንዲስ የሚፈልገው ግን ክሩ ሁሉን እንዲሰማ ነው። በኪሎ ሜትሮች ላይ የተዘረጋ ሰፊ ለውጥና ፈጣን ንዝረት እንዲህ ባለው ኬብልም ሊነበብ ይችላል፤ አይስላንድ ላይ የተደረገው ይህ ነው። በአንድ ተዳፋት ላይ አሥር ሜትር ስፋት ያለው መሬት በወራት ውስጥ ቀስ እያለ መሰንጠቁን ግን ከተራ የቴሌኮም ኬብል መጠበቅ አይቻልም።

የሙቀት ነገር

መስታወቱ ሲሞቅም ብርሃኑ ይለወጣል፤ መሣሪያው ደግሞ ሙቀቱንና መለጠጡን ለብቻ ለብቻ አይነግርም። በብራግ ግሬቲንግ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ስምንት ማይክሮስትሬን ያህል፣ በብሪሉዊን ዘዴ ደግሞ ሃያ ያህል ሆኖ ይነበባል። ከገጽ በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ብቻ የተቀበረ ኬብል በቀንና በሌሊት መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው፣ አንዳች ነገር ሳይንቀሳቀስ በብሪሉዊን ዘዴ 300 ማይክሮስትሬን ያሳያል። ለዚህ የሚደረገው በጎኑ ሌላ ክር በቱቦ ውስጥ ልል አድርጎ ማኖር ነው፤ ልሉ ክር ሙቀቱን ብቻ ስለሚያነብ ከመጀመሪያው ላይ ይቀነሳል። ይህ ካልተደረገ ውጤቱ የአየር ጠባይ መዝገብ እንጂ የመሬት መዝገብ አይሆንም።

ሙቀት ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ለንደን በላምቤዝ ኮሌጅ ግቢ የተደረገው ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሙከራው የተደረገው «የኃይል ፓይል» በሚባለው ላይ ነው፤ ይህም ሕንፃውን ከመሸከም አልፎ በውስጡ በተዘረጉ የፈሳሽ ቱቦዎች ከመሬት ሙቀት እያመጣ ወይም ወደ መሬት ሙቀት እየመለሰ ሕንፃውን የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ የመሠረት ምሰሶ ነው። ወደ 23 ሜትር በሚጠልቀው ፓይል ውስጥ የፋይበር ክርና በዘርፉ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ንዝር ሽቦ ስትሬን ጌጅ (በአንድ ነጥብ ላይ ያለውን ስትሬን ከተወጠረ ሽቦ ንዝረት የሚያነብ መሣሪያ) ጎን ለጎን ተገጠሙ፤ ከዚያ ፓይሉ ተጭኖበት ሳለ ለሳምንታት ቀዘቀዘ፣ ቀጥሎም ሞቀ። ጥያቄው ፓይሉ ሲሞቅ ሊረዝም ሲፈልግ ዙሪያውን የከበበው ሸክላ ምን ያህል ያግደዋል የሚል ነበር።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ኮንክሪት ለአንድ ዲግሪ ወደ አሥር ማይክሮስትሬን ገደማ ይለጠጣል። ለምሳሌ ያህል በ20 ዲግሪ የሞቀ ፓይል ነጻ ቢሆን 200 ይለጠጥ ነበር፤ ክሩ 150 ብቻ ቢያነብ የጎደለው 50 አፈሩ የከለከለው ነው፤ ያም በኮንክሪቱ ውስጥ በካሬ ሚሊ ሜትር አንድ ተኩል ኒውተን የሚሆን ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። በላምቤዝ ሁለቱ የመለኪያ ዓይነቶች በአጠቃላይ ተስማምተዋል። ክሩ የጨመረው ነገር ግን ንዝር ሽቦው በተወሰኑ ጥልቀቶች ብቻ ያየውን እገዳ ከፓይሉ አናት እስከ ግርጌው ሳይቋረጥ ማሳየቱ ነው። የኃይል ፓይል ለሚነድፍ መሐንዲስ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግፊቱ የት እንደሚበዛ ሳያውቅ ፌሮውን የት እንደሚያጠነክር መወሰን አይችልምና።

ከቤተ ሙከራ ውጭ የተፈተነባቸው ቦታዎች

በለንደን ክሮስሬይል የተባለው የባቡር መስመር ሲቆፈር ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ላይ አዲሱ ዋሻ የሮያል ሜይልን አሮጌ የብረት ዋሻ ከሥሩ ተከትሎ ማለፍ ነበረበት። በአሮጌው ዋሻ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ክር ቁፋሮው ሲጠጋና ሲያልፍ ብረቱ የት እንደታጠፈ አሳይቷል። በስዊዘርላንድ ሴንት ሞሪትዝ ደግሞ የዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ክሩን በመንገዱ አስፋልት ውስጥ ቀብረው ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰውን ናዳ ድንበር ለይተዋል። የናዳ ድንበር የት እንደሆነ ማወቅ የትኛው ቤት በአደጋው ክልል ውስጥ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ መወሰን ስለሆነ ለነዋሪዎቹ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል።

የኔዘርላንድስ ሙከራ ግን በድፍረቱ ይለያል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 በድርቅ የደረቀ፣ ከበሰበሰ ዕፅዋት በተፈጠረ አፈር (ፒት) የተሠራ ግድብ በዊልኒስ ከተማ ተንዶ ውኃው መኖሪያ ሠፈር ገባ። ሰው ግድብ በጎርፍ ይናዳል እንጂ በድርቅ ይናዳል ብሎ አልጠበቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ኤይክዳይክ በተባለው ፕሮጀክት በግሮኒንገን ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2008 100 ሜትር የሚረዝምና 6 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተገነባ፤ ከዚያም ሆን ተብሎ እንዲናድ ተደረገ። ስሙ ራሱ «የመለኪያ ማረጋገጫ ግድብ» እንደማለት ነው። ፋይበርን ጨምሮ የተለያዩ ዳሳሾች በአንድ ግድብ ውስጥ ገብተው አንዱ ከሌላው ጋር ተነጻጸሩ። ዳሳሽ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል ለማለት የሚያበቃው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው፤ ያልተናደ ግድብ ላይ ዓመት ሙሉ ጸጥ ያለ መሣሪያ ብቃቱን አላስመሰከረም።

ክርክሩ የት ላይ ነው?

ለፋይበር የሚከራከሩት ባለሙያዎች ዋና ነጥብ አደጋ የሚመጣበት ቦታ አስቀድሞ አይታወቅም የሚለው ነው። አሥር ስትሬን ጌጅ የገጠመ ሰው አሥር ቦታ ገምቷል፤ ስንጥቁ በአሥራ አንደኛው ቢመጣ አያየውም። መስታወት አይዝግም፣ መብረቅ አይነካውም፣ የኤሌክትሪክ መስመር አይረብሸውም። ተቃራኒዎቹ የሚያነሡትም ክብደት አለው። ክሩ ርካሽ ቢሆንም የሚያነበው መሣሪያ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጀምራል፤ የተራቀቁት ከመቶ ሺህ ይዘላሉ። አንድ የቁፋሮ ማሽን ክሩን አንድ ቦታ ቢበጥሰው ብዙ ንባብ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። በየደቂቃው የሚመጣውን ሺህ ንባብ የሚተረጉም ሰው ከሌለም መረጃው ክምር ሆኖ ይቀራል። የጥያቄው ዓይነት መልሱን ሊወስን ይገባል ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል፤ የአንድ ምሰሶ የታወቀ ነጥብ ብቻ ከተፈለገ ስትሬን ጌጅ ይበቃል፣ የሰፊ አካባቢ የመሬት እንቅስቃሴ ከተፈለገም የሳተላይት ራዳር ይቀድማል። የፋይበር ቦታ በሁለቱ መካከል ነው፤ ይኸውም ረጅም፣ የተቀበረና ድክመቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ነገር ነው።

ዋልካ አፈር ላይ ሲደርስ

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩን ቅርብ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የተዳፋት መናድ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ናዳ ከማንም አእምሮ አይጠፋም። ነገር ግን በዝናብ የራሰ ተዳፋት በድንገት ሲወርድ ለመለካት የሚተርፈው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ፋይበር ቢኖር ኖሮ ይተርፉ ነበር ማለት ማስረጃ የሌለው አባባል ነው። ክሩ ይበልጥ የሚያግዘው ቀስ እያሉ በሚንቀሳቀሱ፣ መንገድና ሕንፃ በተሸከሙ ተዳፋቶች ላይ ነው።

ሁለተኛው በአንዳንድ አካባቢ ዋልካ፣ በሌላው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ቀላል ቤቶችንና መንገዶችን ከሥር እያነሣ ይሰነጥቃል። እዚህ አፈር ላይ የውጭውን ልምድ እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ምክንያቱም መያዣው ራሱ ወቅት ጠብቆ ይመጣል፣ ይሄዳል። አፈሩ ሲያብጥ ክሩን ጨምቆ ይይዘዋል፤ ሲደርቅ ይሸሸዋል። የለንደን ሸክላ ወይም የናንጂንግ አሸዋ የሰጠው የመያዣ ቁጥር ለዋልካ አይሠራም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ውድ መሣሪያ አምጥቶ በመንገድ ሥር መቅበር ሳይሆን፣ አንድ ሣጥን ዋልካ አፈር፣ ጥቂት የብራግ ግሬቲንጎችና አነስተኛ ማንበቢያ ይዞ አፈሩን ደጋግሞ እያራሱና እያደረቁ ክሩን መጎተት ነው። ይህ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አቅም የሚሠራ ነው።

ወደ መስክ ሲወጣ ደግሞ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ፋይበር የሚነግረው ከመነሻ ንባቡ ወዲህ የሆነውን ለውጥ ብቻ ነው። መነሻ ንባቡ ግንቦት ላይ አፈሩ ደርቆ ሳለ ከተወሰደ፣ መስከረም ላይ ያለው እብጠት ሁሉ እንደ አደጋ ይታያል፤ መስከረም ላይ ከተወሰደ ደግሞ የበጋው መሸብሸብ እንደዚያው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትና በጋ የተነበበበት መዝገብ ከመዘጋጀቱ በፊት በዋልካ ላይ ለሚሠራ መንገድ የማስጠንቀቂያ ወሰን ማውጣት አይቻልም፤ የግንባታ ውሎችም መለኪያው ሥራው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲቀበር ካልደነገጉ ይህ መዝገብ ከየትም አይመጣም።